ሰውየውስ ምን አለ? ስለ ወንጀል ድራማዎችና ዶክመንተሪዎች



በሴሚስተር እረፍት ወደ ግምጃ ቤት የምንገባ ተማሪዎች ማታ ማታ የምናደርገው ብዙ ነገር የለም። ብርዱ አይቀለድበትም። ከዒሻ ሶላት በኋላ ጋቢ ደርበን አንድ ዘመድ ቤት እንሰባሰባለን። ቡና ይፈላል፣ የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ ይቀርባል፣ መብራት ካለ ቴሌቪዥን ይከፈታል። አንድ ምሽት የፖሊስ ፕሮግራም ይታይ ነበር። አንድ ወጣት እጁ በካቴና ታስሮ፣ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። ከበስተጀርባ የሚያስፈራ ሙዚቃ ይሰማል። ተራኪው በወፍራም ድምፅ ወንጀሉን ከጥንስሱ ጀምሮ ይተርካል። እኛም እየተቀባበልን መፍረድ ጀመርን። "ዓይኑን አያችሁት?" "ይሄማ የለመደበት ነው።" "ሃያ ዓመትም ያንሰዋል።"

ጥግ ላይ አንድ አባት ተቀምጠው ነበር። ዕድሜያቸውን በንግድ ያሳለፉ፣ ትምህርታቸው የመድረሳ ብቻ የሆነ ሰው ናቸው። ፕሮግራሙ እስኪያልቅ ዝም ብለው ተመለከቱ። ሲያልቅ "ልጆቼ፣ ሰውየውስ ምን አለ?" ብለው ጠየቁን። "አልሰሙም እንዴ አባባ? አምኗል እኮ" አልናቸው። "ለማን ነው ያመነው? ለካሜራው ነው ወይስ ለዳኛው?" አሉ። መልስ አልነበረንም።

ይህ ጽሑፍ የተነሳው ከዚያ ጥያቄ ነው። የወንጀል ድራማና ዶክመንተሪ የማናይ ጥቂት ነን። ዶርም ውስጥ ተከታታይ ፊልም በፍላሽ ይዞራል፤ በቴሌግራም ይወርዳል፤ ለፈተና ሳምንት እንኳ "አንድ ክፍል ብቻ" እየተባለ ይታያል። ማየት ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም የሚለውን ለዑለማዎቻችን እንተወዋለን፤ እኛ ፈትዋ የመስጠት ደረጃ ላይ አይደለንም። እኛ ልናስረዳ የፈለግነው እነዚህ ሥራዎች እንዴት እንደሚሠሩ፣ በእኛው አገር ምን እንዳደረጉና እያየናቸው ሳለ ልባችን ውስጥ ምን እንደሚያስቀሩ ነው።

ሁለት ዓይነት፣ አንድ አሠራር

የወንጀል ሥራ በሁለት ይከፈላል። አንደኛው ልብ ወለድ ድራማ ነው። በኢቲቪ ለዓመታት የታየውን "ሰው ለሰው"ን ብዙዎቻችን በልጅነታችን ከቤተሰብ ጋር አይተነዋል። አበበ ባልቻ የተጫወተው አስናቀ የሚባለው ገጸ ባሕርይ ሲያሴር ተመልካች ሁሉ ያውቃል፤ በድራማው ውስጥ ያሉት ሰዎች ግን አያውቁም። ቤት ውስጥ "ኧረ ተጠንቀቂ፣ እሱ ነው!" ብሎ ወደ ስክሪኑ ያልጮኸ የለም። ይህ ሁኔታ አንድ ነገር ያስለምደናል፤ ተመልካች ሁልጊዜ እውነቱን የሚያውቅ ሰው መሆኑን። በድራማ ይህ ትክክል ነው። ደራሲው ጥፋተኛውን ገና ከመጀመሪያው ገጽ ያውቀዋል፤ እኛ እንድናውቅ የፈለገውንም ያሳየናል።

ሁለተኛው እውነተኛ ወንጀልን የሚተርክ ዶክመንተሪ ነው። እዚህ ላይ ደራሲ የለም ብለን እናስባለን፤ ግን አለ። ስሙ አዘጋጅ ወይም ኤዲተር ይባላል። የአርባ ሰዓት ቃለ መጠይቅ ተቀርጾ አርባ ደቂቃ ብቻ ተላለፈ እንበል። የቀረውን ሠላሳ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ማን እንደጣለው፣ ለምን እንደጣለው አናውቅም። ከዚያ ሌላ አራት መሣሪያዎች አሉ።

የመጀመሪያው ቅደም ተከተል ነው። የሟች እናት ስታለቅስ ከታየች በኋላ የተጠርጣሪው ፎቶ ቢመጣ፣ አንድም ቃል ሳይነገር ልባችን ሁለቱን አያይዞ ይፈርዳል። ሁለተኛው ሙዚቃ ነው። ሱቅ ገብቶ ዳቦ የሚገዛ ሰው ከጀርባው የሚያስፈራ ሙዚቃ ከተሰማ መርዝ የሚገዛ ይመስላል። ሦስተኛው ድርጊቱን በተዋናይ አስመስሎ ማሳየት ነው። ተጠርጣሪው ቢላዋ ሲያነሳ ያየ ምስክር የለም፤ እኛ ግን በዓይናችን አይተናል፤ ከሳምንት በኋላ ስናስታውሰው ተዋናይ መሆኑን እንረሳዋለን። አራተኛው ተራኪው ነው። ምስክር መስቀለኛ ጥያቄ ይጠየቃል፤ ተራኪን ግን ማንም አይጠይቀውም።

ስለዚህ ድራማውም ዶክመንተሪውም የሚሠሩት በአንድ ዓይነት ዕቃ ነው። ልዩነቱ፣ አስናቀ ፊልሙ ሲያልቅ ተዋናይ ሆኖ ቤቱ ይገባል፤ በዶክመንተሪው ያለው ሰው ግን ነገም ስሙን ይዞ ይኖራል፤ ልጆቹም ትምህርት ቤት ይሄዳሉ።

በእኛው ስክሪን ላይ የሆነው

ይህ ጉዳይ ለኢትዮጵያ ሙስሊም የሩቅ ወሬ አይደለም። በሐምሌ 2004 ዓ.ም. የሙስሊሙ የመፍትሔ አፈላላጊ ኮሚቴ አባላት ታሰሩ። በጥቅምት 2005 ዓ.ም. 29 ሰዎች በፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652/2001 ተከሰሱ። ክርክሩ ገና በመታየት ላይ እያለ፣ ጥር 28 ቀን 2005 ዓ.ም. ማታ ኢቲቪ "ጂሃዳዊ ሀረካት" የተባለውን ዶክመንተሪ አስተላለፈ። ፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት እንዳይተላለፍ እግድ ሰጥቶ ነበር፤ ፊልሙ ግን ተላለፈ። በፊልሙ ውስጥ ገና በእስር ላይ ያሉ፣ ያልተፈረደባቸው ተከሳሾች ሲናገሩ ታዩ። ጉዳያቸው ከአል ሸባብና ከቦኮ ሐራም ስሞች ጋር እየተያያዘ ቀረበ። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. 18ቱ ከ7 እስከ 22 ዓመት ተፈረደባቸው። ኋላም እስከ 2010 ዓ.ም. ባለው ጊዜ በተለያየ ዙር ተፈቱ። አዋጁ ራሱ በ2012 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1176 ተተካ።

ያኔ እኛ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበርን። የፖለቲካውን ዝርዝር አናውቅም። የምናስታውሰው በማግስቱ ጠዋት ነው። ሒጃብ የለበሱ እህቶቻችንና ኮፍያ ያደረጉ ወንድሞቻችን መንገድ ላይ ሲያልፉ የነበረው አተያይ ተለውጦ ነበር። ማንም ክፉ አልተናገረንም፤ ግን ስንቀርብ ወሬ ይቆም ነበር። አንድ ፊልም ተከሳሾቹን ብቻ ሳይሆን እነሱን የሚመስለውን ሁሉ ሊነካ እንደሚችል ያኔ ተማርን።

ይህ በሙስሊሙ ላይ ብቻ የደረሰ ነገር አይደለም፤ ፍትሐዊ ሆነን መናገር አለብን። ከዚያ በፊት በኅዳር 2004 ዓ.ም. "አኬልዳማ" የተባለ በሦስት ክፍል የቀረበ ዶክመንተሪ በሽብር ስለተከሰሱ ፖለቲከኞችና ጋዜጠኞች ተላልፏል፤ የእነሱም ክርክር አላለቀም ነበር። ከለውጡ በኋላም በ2011 ዓ.ም. "የፍትሕ ሰቆቃ" የተባለው ዶክመንተሪ በእስር ቤቶች ስለተፈጸመ ግፍ ሲተላለፍ፣ ተጠርጣሪዎቹ ገና ፍርድ አላገኙም ነበር። በዚህኛው የተነገረው ግፍ ብዙዎቻችንን አስለቅሷል፤ ተበዳዮቹ መሰማታቸውም ተገቢ ነበር። ግን የፍርዱ ጥያቄ ያው ነው። ትናንት በእኛ ላይ ሲሆን "ፍርድ ቤቱ ይቅደም" ካልን፣ ዛሬ በማንወደው ሰው ላይ ሲሆንም ያንኑ ማለት አለብን። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ማኢዳ ቁጥር 8 ላይ ለሕዝቦች ያለን ጥላቻ ከፍትሕ እንዳያወጣን ያዘዘን ለዚህ ነው።

ሕጉ ምን ይላል? በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 3 የተከሰሰ ሰው በፍርድ እስካልተረጋገጠበት ድረስ እንደ ንጹሕ የመቆጠር መብት እንዳለው ይደነግጋል። በአንቀጽ 19 ደግሞ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ ዝም የማለት መብት አለው፤ ተገዶ የሰጠው ቃልም ተቀባይነት የለውም። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 35 ደግሞ ተጠርጣሪ በፍርድ ቤት ፊት ስለሚሰጠው የእምነት ቃል ይናገራል፤ ዳኛው ቃሉ በፈቃድ መሰጠቱን ማረጋገጥ ይኖርበታል። እንግዲህ የግምጃ ቤቱ አባት ሕግ ሳያነቡ የጠየቁት ይህንኑ ነው። በካሜራ ፊት የተነገረን ቃል በፈቃድ መሆን አለመሆኑን የሚጠይቅ ዳኛ የለም።

የተበዳይስ መብት?

እስካሁን ስለ ተከሳሽ ተናገርን። ተበዳይም የሚረሳበት መንገድ አለ። "ድፍረት" የተባለውን ፊልም ብዙዎች ያውቁታል። በጠለፋ የተያዘች የ14 ዓመት ልጅ ጠላፊዋን ገድላ ስለተከሰሰችበት እውነተኛ ጉዳይ የተሠራ ነው። ዳይሬክተሩ ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ነው፤ በ2014 እ.ኤ.አ. በሰንዳንስና በበርሊን የፊልም ፌስቲቫሎች የተመልካች ሽልማት አግኝቷል። ጠለፋን የሚያወግዝ፣ ዓላማው ጥሩ የሆነ ፊልም ነው። ነገር ግን በነሐሴ 2006 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሊመረቅ ተመልካች ከተቀመጠ በኋላ በፍርድ ቤት እግድ ቆመ። ታሪኩ የእሷ የሆነችው ሴት ያለ ፈቃዴ ተሠርቷል ብላ አቤት ብላ ነበር። ኋላ እግዱ ተነሥቶ ፊልሙ ታየ። ስሟ በየጋዜጣው ቢወጣም እዚህ አንደግመውም። አንድ ሰው በሕይወቱ ያየውን ከባድ ቀን እኛ ፈንዲሻ ይዘን የምናየው ሆኖ ሲቀርብ "ፈቅዳለች ወይ?" ብለን ጠይቀን እናውቃለን?

ከአገራችን ውጪም አንድ ጉዳይ እናንሳ። ዓድናን ሰይድ የተባለ ሙስሊም ተማሪ በ1999 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ባልቲሞር የትምህርት ቤት ጓደኛውን ገድለሃል ተብሎ በ17 ዓመቱ ተያዘ፤ በ2000 ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። በ2014 "ሲሪያል" የተባለ ተከታታይ ፖድካስት ጉዳዩን አንሥቶ በዓለም ዙሪያ ሚሊዮኖች አዳመጡት። ያ ትኩረት ባይኖር ጉዳዩ እንደገና መታየቱ አጠራጣሪ ነበር። በ2022 ተፈታ፤ በ2023 የጥፋተኝነት ውሳኔው በይግባኝ ተመለሰ፤ በ2025 ደግሞ ጥፋተኝነቱ እንዳለ ሆኖ የታሰረበት ጊዜ ይበቃዋል ተብሎ ቅጣቱ ተቀነሰ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ዓለም "ገድሏል፣ አልገደለም" እያለ ሲከራከር፣ የሟቿ ቤተሰብ ለእነሱ ይህ ፕሮግራም ሳይሆን ሕይወታቸው መሆኑን በፍርድ ቤት ተናግረዋል። እንግዲህ እንዲህ ዓይነት ሥራ ለታሳሪ ደጅ ሊከፍት ይችላል፤ በዚያው ልክ የሐዘንተኛ ቁስል ሊነካካ ይችላል። ጥቅሙን አንክድም። የእኛው የፖሊስ ፕሮግራምም ስንቱን እናት ከቁጭ በሉዎችና ከሐሰተኛ ወርቅ ሻጮች አስጠንቅቋል።

ኢንጂነሩ ዓይን ሲያይ

አሁን ወደ ትምህርታችን እንምጣ። በ2000 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የጀመረው "ሲ.ኤስ.አይ" የተባለው ድራማ ለብዙዎቹ የዛሬ ፊልሞች ምሳሌ ሆኗል። በእሱ ውስጥ ላቦራቶሪ አይሳሳትም፣ ኮምፒውተር ሁሉን ያውቃል፣ ውጤቱ ማስታወቂያው ሳይጀምር ይደርሳል። ሁለት ነገሮችን ብቻ እንመርምር።

አንደኛው የካሜራ ምስል ነው። ፊልም ላይ መርማሪው "አጉላው፣ አጥራው" ይላል፤ ደብዛዛው ፊት ወዲያው ይጠራል። ስሌቱን እንሥራ። የደኅንነት ካሜራው በአግድም 1920 ፒክስል አለው፤ የሚያየው ግቢ ስፋቱ 20 ሜትር ነው እንበል። ለአንድ ሜትር የሚደርሰው 96 ፒክስል ነው። የሰው ፊት ወርድ ወደ 16 ሳንቲሜትር ቢሆን፣ ፊቱ የሚያገኘው 15 ፒክስል ገደማ ነው። በ15 ፒክስል ዓይን፣ አፍንጫና ጠባሳ ተለይቶ አይታወቅም። ካሜራው ያልመዘገበውን መረጃ ማጉላት አይፈጥረውም። ዛሬ ምስል "የሚያጠሩ" የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራሞች አሉ፤ እነሱ ግን ቀድሞ ካዩዋቸው ሺህ ፊቶች ተነሥተው በግምት የሚሞሉ ናቸው። የሚወጣው ፊት የሚያምር፣ ጥርት ያለ ፊት ነው፤ የተጠርጣሪው ፊት ግን ላይሆን ይችላል።

ሁለተኛው የጣት አሻራ ነው። መጋቢት 11 ቀን 2004 እ.ኤ.አ. በማድሪድ ባቡሮች ላይ በደረሰው ፍንዳታ ከ190 በላይ ሰዎች ሞቱ። የስፔን ፖሊስ ፈንጂ ማቀጣጠያ የነበረበት ፌስታል ላይ አሻራ አገኘና ወደ ሌሎች አገሮች ላከው። የአሜሪካው ኤፍ.ቢ.አይ በኮምፒውተር ሲፈልግ ሃያ ተቀራራቢ ስሞች ወጡለት። ከእነሱ አንዱ በኦሪገን የሚኖረው ጠበቃ ብራንደን ሜይፊልድ ነበር፤ እስልምናን የተቀበለ አሜሪካዊ ነው። ልምድ ያላቸው ባለሙያዎች ተራ በተራ አይተው የእሱ ነው ብለው አረጋገጡ። የስፔን ፖሊስ ቢጠራጠርም አልሰሙትም። በግንቦት 2004 እ.ኤ.አ. ታሰረ። ከሁለት ሳምንት በኋላ የስፔን ፖሊስ አሻራው የአንድ አልጄሪያዊ መሆኑን አሳወቀና ተፈታ። ኤፍ.ቢ.አይ ይቅርታ ጠየቀ፤ በ2006 መንግሥት 2 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ከፈለው። በኋላ የተደረገው የቁጥጥር ምርመራ፣ ስህተቱ በሃይማኖቱ ምክንያት ባይጀምርም፣ ባለሙያዎቹ ውሳኔያቸውን እንደገና እንዳይፈትሹ ሙስሊም መሆኑ አስተዋጽኦ ሳያደርግ እንዳልቀረ ጠቅሷል።

ለምን ተሳሳቱ? ሒሳቡ ቀላል ነው። አንድ ዘዴ ከሚሊዮን አንዴ ብቻ ይሳሳታል እንበል። በጣም ጥሩ ዘዴ ነው። ግን 40 ሚሊዮን አሻራ ባለበት መዝገብ ውስጥ ብንፈልግበት፣ 40 ንጹሐን ሰዎች "ገጠመ" ተብለው ሊወጡ ይችላሉ። መዝገቡ በሰፋ ቁጥር የሚመሳሰል ሰው ማግኘት ይቀላል። ስለዚህ መሣሪያው ፍለጋውን ያጠብባል እንጂ ብቻውን አይፈርድም። ፊልሙ ግን "ገጠመ!" ካለ በኋላ ወዲያው ካቴናውን ያሳየናል።

ስለ ማስረጃ ከመድረሳ የተማርነው

ይህን ሁሉ ስናስብ በመድረሳ የቀራናት ሱረቱ ዩሱፍ ትዝ አለችን። ልጅ ሆነን በቃላችን ስንይዛት ያላስተዋልነው ነገር አለ። በታሪኩ ውስጥ ቀሚሱ ደጋግሞ ማስረጃ ሆኖ ይመጣል።

መጀመሪያ ወንድሞቹ የሐሰት ደም የተቀባ ቀሚስ ይዘው ወደ አባታቸው መጡ። ለቅሶ አለ፣ ደም አለ፣ ምስክርም ብዙ ነው፤ ለዛሬ ዶክመንተሪ የሚበቃ ሁሉ ተሟልቷል። ነቢዩ ያዕቁብ (ዐ.ሰ) ግን አልተቀበሉትም። ሙፈሲሮች እንደሚያስረዱት፣ ተኩላ ልጁን በልቶ ቀሚሱን እንዴት ሳይቀድ ቀረ የሚለው ነገር አጠራጥሯቸዋል። ቀጥሎ ዩሱፍ (ዐ.ሰ) በባለሥልጣኑ ሚስት ተከሰሱ። ከሳሿ ቀድማ ተናገረች፤ ጉልበትም ክብርም የነበራት እሷ ናት። እዚያ ላይ ከቤተሰቧ የሆነ መስካሪ አንድ መለኪያ አስቀመጠ፤ ቀሚሱ ከፊት ከተቀደደ እሷ እውነተኛ ናት፣ ከኋላ ከተቀደደ እሱ እውነተኛ ነው። ልብ እንበል፤ መስካሪው መለኪያውን ያስቀመጠው ለሁለቱም ወገን እኩል አድርጎ ነው። ቀሚሱ ሲታይ ከኋላ የተቀደደ ሆኖ ተገኘ። ከዚያም በኋላ ግን ዩሱፍ (ዐ.ሰ) ታሰሩ። ማስረጃ ነጻ ያወጣውን ሰው የኃያላን ፍላጎት ሊያስረው እንደሚችልም ሱረቷ ታስተምራለች።

በሱረቱ ሷድ ደግሞ ነቢዩ ዳውድ (ዐ.ሰ) የ99 በጎችና የአንዲት በግ ክርክር ቀረበላቸው። የአንዱን ወገን አቤቱታ ሰምተው ተናገሩ፤ ወዲያው ፈተና መሆኑን ተረድተው ወደ ጌታቸው ተመለሱ። ረሱልም (ሰ.ዐ.ወ) ዓሊን (ረ.ዐ) ለዳኝነት ወደ የመን ሲልኩ፣ የሁለተኛውን ወገን ቃል ሳይሰሙ እንዳይፈርዱ አዘዋቸዋል። ማስረጃ ማቅረብ የከሳሽ ድርሻ መሆኑም በሸሪዓ የታወቀ መሠረት ነው።

ከሁሉም በላይ የሚያስፈራው የኢፍክ ታሪክ ነው። በእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ላይ የተነዛው ውሸት መዲናን ለአንድ ወር ያህል አናወጣት። ወሬውን የፈጠሩት ሙናፊቆች ቢሆኑም፣ የተቀባበሉት ግን ሁሉም ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ሱረቱን ኑር ሲወርድ የተወቀሰው ፈጣሪው ብቻ አይደለም፤ ሲሰሙ በጎ ያልጠረጠሩት፣ ቀላል ነገር መስሏቸው በምላሳቸው የተቀባበሉትም ጭምር ናቸው። ሱረቱል ሑጁራት በቁጥር 6 ወሬን እንድናጣራ፣ በቁጥር 12 ደግሞ ከመጥፎ ጥርጣሬ፣ ከመሰለልና ከሐሜት እንድንርቅ ታዘናለች። ሦስቱ በአንድ አንቀጽ መቀመጣቸው ያለ ምክንያት አይመስለንም። ጥርጣሬው ወደ ስለላ ይወስዳል፤ የተሰለለው ደግሞ በሐሜት ይወጣል።

እኛ ያደረግነው

ይህን የምንጽፈው ንጹሕ ሆነን አይደለም። ባለፈው ዓመት በአንድ የዶርም ብሎክ ላፕቶፕ ጠፋ። የተመራቂ ተማሪ ላፕቶፕ ነበር፤ ሙሉ ፕሮጀክቱ በውስጡ ነው። እኛ፣ የጀመዓው ልጆች፣ "ምርመራ" ጀመርን። ማን መቼ ወጣ፣ ማን ከመግሪብ ቀረ፣ ማን ቀና ብሎ አያይም እያልን ሰዓት መዘገብን። አንዱ ያየውን ተከታታይ ፊልም እየጠቀሰ "ሌባ ሁልጊዜ ጥፋቱ ወደተፈጸመበት ቦታ ይመለሳል" አለ። ጥርጣሬያችን ከገጠር በመጣ አንድ የአንደኛ ዓመት ልጅ ላይ አረፈ። ዝምተኛ ነው፤ የዚያን ቀን ከጀመዓ ሶላት ቀርቷል፤ ስንጠይቀው ተንተባተበ። ላባችን ሳይደርቅ አንዱ ፎቶውን በግሩፕ ላይ ለቀቀው። ማንም "ሌባ" ብሎ አልጻፈም፤ "ተጠንቀቁ" ብቻ ነበር የተባለው።

ከሦስት ቀን በኋላ ላፕቶፑ ተገኘ። የባለቤቱ ጓደኛ ሶፍትዌር ሊጭንበት ወስዶት፣ ለፈተና ሲሯሯጥ ሳይነግረው ቆይቷል። የአንደኛ ዓመቱ ልጅ ያን ቀን ከሶላት የቀረው ታሞ ነበር። የተንተባተበው ደግሞ አምስት ሲኒየሮች በር ዘግተው ስለከበቡት ነው። ፎቶውን አጠፋነው፤ ግን ስንት ሰው እንዳየው፣ ስንቱ ወደ ሌላ ግሩፕ እንዳሻገረው አናውቅም። ለሳምንታት መስጂድ ሲገባ የኋላ ሶፍ ላይ ብቻ ይቆም ነበር።

ሄደን አውፍ በለን አልነው። "እሺ፣ አውፍ ብያለሁ" አለ። ቀጥሎ ግን "ወንድሞቼ፣ ለምን መጀመሪያ አልጠየቃችሁኝም?" አለን። ጠይቀነው ነበር እኮ ልንል ስንል ዝም አልን። የጠየቅነው ሊመልስ ሳይሆን ሊያምን ነበር። የግምጃ ቤቱ አባት ጥያቄ እዚህም ተከትሎን መጣ።

ስናይ ምን እንጠይቅ?

ወንድምና እህቶች፣ ከዚህ በኋላ እንዲህ ዓይነት ሥራ ስናይ አብረን እነዚህን ብንጠይቅ ይጠቅመናል ብለን እናምናለን።

አንደኛ፣ ጉዳዩ በፍርድ ቤት አልቋል ወይስ ገና ነው? ገና ከሆነ የምናየው የአንድ ወገን ክስ ነው፤ እንደ ክስ ብቻ እንያዘው።

ሁለተኛ፣ ሰውየው በራሱ አንደበት፣ በነጻነት፣ ጠበቃው ባለበት ተናግሯል ወይ? ካልተናገረ ግማሹን ታሪክ ገና አልሰማንም።

ሦስተኛ፣ ሙዚቃውና ተዋናዩ ቢወጣ ምን ማስረጃ ይቀራል? አንዳንዴ ድምፁን ዘግቶ አንድ ክፍል ማየት ብቻ ብዙ ያስተምራል።

አራተኛ፣ ተበዳዩ ወይም ቤተሰቡ ታሪኩ እንዲነገር ፈቅደዋል ወይ?

አምስተኛ፣ ካየሁት በኋላ ምን እየሆንኩ ነው? ለተበደለ የማዝን፣ ለፍትሕ የምቆም ሰው እየሆንኩ ነው ወይስ ጎረቤቴን በጎን የማይ? አንዱን ብሔር፣ አንዱን ሃይማኖት፣ አንዱን ሰፈር ካየሁት በኋላ ከጠላሁ፣ ፊልሙ ከማሳወቅ ይልቅ ጎድቶኛል።

ስድስተኛ፣ የሰው ፎቶና ስም ይዞ የመጣን "ተጠንቀቁ" ከማሻገራችን በፊት እናቁም። ዕቃ ከጠፋን የግቢ ጥበቃና ፖሊስ አለ። የሰው ክብር ግን አንዴ ከጠፋ የሚያገኘው ጥበቃ የለም።

ያ ልጅ ዛሬ ሁለተኛ ዓመት ደርሷል። በዚህ ረመዳን ኢፍጣር ሲያስተባብር ከእኛ ጋር ነበር፤ ሶፍም ከፊት ይቆማል፤ አልሐምዱሊላህ። እኛ ግን ፎቶውን ያሻገርንበትን ሌሊት አንረሳውም፤ እንድንረሳውም አንፈልግም። አላህ (ሱ.ወ) ከመጥፎ ጥርጣሬ ይጠብቀን፤ ሐቅን ሐቅ አድርጎ ያሳየን፤ ለተበደለም ለተጠረጠረም ፍትሐዊ የሆነ ልብ ይስጠን። ኣሚን።

ወላሁ አዕለም። ወስሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።